ከልጄ ፍራሽ ሥር የደበቅኩት ጆንያ

ማክሰኞ ጠዋት ነው። የልጄን ፖፖ ልደፋ ሳነሳ ውስጡ ያለው ጠቁሯል። መጀመሪያ የማታው ሻይ ትራፊ የተደፋበት መሰለኝ። ወደ መስኮቱ ወስጄ ብርሃኑ ላይ ዘንበል ሳደርገው ዳር ዳሩ ቀላ፣ መሃሉ እንደ ድፍርስ ጠላ ሆነብኝ።

«ምትኩ፣ ና እስቲ ወደ እናትህ» አልኩት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሏል። ሌላ ቀን ቢሆን ሮጦ መጥቶ ከጉልበቴ ጋር የሚላተም ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ቀና ብሎ አየኝና፣

«እማ፣ ደከመኝ» አለ።

አራት ዓመቱ ነው። ደከመኝ የሚል ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። አገጩን ይዤ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። የዓይኑ ነጭ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከንፈሩ ላይ ደም የሚባል የለም፤ አመድ ነው። ልጄ ሊሞትብኝ እንደሚችል ያኔ ገባኝ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ዘነበች ነው፤ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። እሪ በከንቱ ውስጥ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት አለችን። ባለቤቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ስለሆነ ከሄደ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ድምፁ አይሰማም። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህንንም የምጽፈው በዚያችው ስለሆነ ቢጣመም እለፉኝ። ከምትኩ በፊት አንዲት ልጅ በኩፍኝ ሞታብኛለች። ስሙን ምትኩ ያልኩት ለዚያ ነው።

እንጀራዬ አሮጌ ሹራብ ነበር። በዚያ ዘመን ደህና የሱፍ ክር እንደ ልብ አይገኝም። ልዋጮች በየመንደሩ እየዞሩ በሳህንና በብርጭቆ የለወጡትን ያረጀ ሹራብ ለእኔ ያመጡልኛል። እኔ የስፌቱን ጫፍ ፈልጌ እመዝና ሹራቡን እፈታዋለሁ። ብል የበላውን፣ የነተበውን ክር ቆርጬ እጥላለሁ። ደህናውን በወንበር እግር ጠቅልዬ አጥባለሁ፤ እንዳይኮማተር ድንጋይ አንጠልጥዬበት አሰጣዋለሁ። ከዚያ አዲስ ሹራብ እሠራበታለሁ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንጥፌ ስሸጥ የሰፈሩ ጎረምሶች «ይቺ ሴትዮ ከአንድ ሬሳ ሁለት ሰው ታስነሳለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከዚያ ማክሰኞ በፊት ባለው ሳምንት አንዱ ልዋጭ አሥራ ስምንት ሹራብ በጆንያ አምጥቶ ቤቴ ውስጥ ጣለው። ስፈታው ሁሉም አረንጓዴ ነው። የወታደር ነው።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከሰው ገላ ላይ» አለኝ። «ፍችው፣ ጥቁር ቀለም ንከሪው፣ ማን ያውቀዋል?»

ክሩ ደህና ክር ነው፤ ዓይኔ ሳሳ። ተቀበልኩት። በማግስቱ ቀበሌው ቤት ለቤት ፍተሻ ሊያደርግ ነው ተባለ። ከእኛ በላይ ያለች ሴት አንድ የወታደር ብርድ ልብስ ቤቷ ተገኝቶ ስትወሰድ አይቻለሁ። ሁለቱን ፈትቼ ነበር፤ የቀሩትን አሥራ ስድስት መልሼ ጆንያው ውስጥ ከትቼ ከምትኩ ፍራሽ ሥር ዘረጋሁት። ብሉ ወደ ሌላው ክር እንዳይዛመት ደግሞ አራት ፓኮ ናፍታሊን፣ ያን ነጭ የብል መድኃኒት፣ ደቁሼ አፈሰስኩበት። ከሁለቱ ሹራቦች የወጣውን ቅንጥብጣቢ ቆሻሻ መጣያ ብጥለው አረንጓዴውን ሰው ያየዋል። ስለዚህ ከናፍታሊኑ ፍርፋሪ ጋር ጨርቅ ውስጥ ጠቀጠቅኩትና ሰፋሁት፤ ለልጄ ትንሽ ትራስ ሆነ። ምትኩ ወደዳት። ፊቱን ቀብሮባት ነበር የሚተኛው።

እንግዲህ ያን ጠዋት ይህ ሁሉ በሐሳቤ አልነበረም። የግድግዳ ጎረቤቴ ጋሽ በላቸው ልብስ ሰፊ ነው፤ ስጮህ ሰምቶ መርፌውን ኮቱ ላይ እንደሰካ መጣ። የልጁን ዓይን አየና፣

«የወፍ በሽታ ነው፣ ዘኑ። ወደ አለቃ ውሰጂው» አለኝ።

አለቃ የምንላቸው ከታች ከወንዙ አጠገብ የወፍ መድኃኒት የሚሰጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጁን አዝዬ፣ ሽንቱን በጠርሙስ ይዤ ወረድኩ። ትራሱን አልለቅም ብሎ በትከሻዬ ላይ አንጠልጥሏታል። አለቃ ጠርሙሱን ወደ ሰማይ አንስተው ብዙ አዩት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ።

«የወፍ ሽንት ቢጫ ነው ልጄ፣ እንደ ዘይት። ይኼ ደም ነው። እኔ ደም አላክምም።»

«አለቃ፣ የሆነ ነገር ይስጡልኝ። ከእርስዎ እጅ ስንቱ ድኗል።»

«ድኗል ብዬ እኔም እፎክራለሁ። የሚፎክር ሰው ዛሬ አላውቅም ሲልሽ ግን እመኚው። ቁጭ አትበዪ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ።»

ሽቅብ ወጣሁ። ፒያሳ ስደርስ ትንፋሼ አልቋል፤ ልጁ ጀርባዬ ላይ ዝም ብሏል። በየአሥር እርምጃው «ምትኩ» እላለሁ፤ «እ» ይላል። ምኒልክ አደባባይ ላይ «ምትኩ» ስል መልስ የለም። ወደ ጊዮርጊስ ዞሬ አንድ ነገር ልለምን አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ጠፋኝ። አንድ ባለታክሲ አይቶኝ ቆመ። «ግቢ እናቴ» አለ። ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀኝም፤ ከፊቴ አውቆታል።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ዶክተር ከሠላሳ ብዙም የማያልፍ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የምትኩን ዐይን ገልጦ፣ ጣፊያውን ዳስሶ፣ ደሙን አስቀድቶ ላከ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ።

«እናት፣ ልጁ ሰሞኑን ምን በላ? እሸት ባቄላ በልቷል?»

«አልበላም።»

«ኪኒን ሰጥተውታል? የወባ፣ የሌላም?»

«አልሰጠሁም።»

«ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ፣ የተባይ መድኃኒት፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ከወገንዎ መካከል እንዲህ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ልጅ ነበር?»

«እኔ እንጃ። የለም።»

እናንተ የዚያን ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ። «ቤት ውስጥ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሐኪም ይሁን ሌላ፣ መልሱ «ምንም» ነው። ምላሳችን ከእኛ ቀድሞ ይመልስ ነበር። ደግሞ ከምትኩ አልጋ ቀጥሎ ሳንባዋን የታመመች ልጅ ተኝታለች። አባትየው ካኪ ለብሶ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቆ ራስጌዋ ተቀምጧል። ሁሉም «ጓድ» ነው የሚሉት። ጥያቄው ሁሉ በእሱ ፊት ነበር። ዶክተሩ በጠየቀ ቁጥር እኔ የማየው ካኪውን ነው።

የደሙ ውጤት መጣ። ዶክተሩ ወረቀቱን አጠፈው።

«ሊኖረው ከሚገባው ደም ሲሶው ነው የቀረው» አለኝ። «ደሙ ውስጡ እየፈረሰ ነው። ደም የሚሰጥ ዘመድ ይጥሩ።»

ዘመዴ ጋሽ በላቸው ነው። ተልኮበት በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ፤ ያው መርፌው ኮቱ ላይ ናት። እጁን ዘርግቶ ተኛና ነርሷን፣ «ሲስተር፣ የእኔ ደም ውስጥ የትናንት አረቄ አለ፤ ልጁ ተነስቶ እንዳይዘፍንባችሁ» አላት። ደሙ ከምትኩ ጋር ገጠመ። አንዲት ጠርሙስ ሆነች። ሌላ የሚገጥም አልነበረም፤ የእኔም አልገጠመም።

ዶክተሩ ግን ወዲያው አልሰጠውም። «ሌሊቱን ልየው» አለ። «ምክንያቱ ከቤቱ የመጣ ከሆነ እዚህ ሲተኛ መቆም አለበት። ደሟን ለባሰ ጊዜ እናስቀምጣት።»

እኔ ራስጌው ተቀምጬ አደርኩ። ሲገላበጥ ትራሱን ከፊቱ ሥር አስተካክልለታለሁ። በገዛ እጄ።

ረቡዕ ጠዋት እንደገና ደሙን ቀዱ። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ፈጥኖ ነው የመጣው።

«ወርዷል» አለ፤ ለእኔም ለራሱም እንደሚናገር ሰው። «እዚህ ተኝቶ ወርዷል። አሁንም አንድ ነገር እየነካው ነው።»

ነርሷ ሲስተር አልማዝ አንሶላ ልትለውጥ ምትኩን አቀፈች፤ ትራሱን በሌላ እጇ አነሳች። ከዚያ ቆመች። ትራሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«እትዬ ዘነበች፣ ይቺ ትራስ ምን ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም።»

«ቁም ሳጥን ቁም ሳጥን ትላለች እኮ። ዶክተር፣ ያሽትቱ እስቲ።»

እውነቴን ነው፣ ለእኔ ምንም አትሸተኝም ነበር። ስንት ዓመት ከናፍታሊን ጋር ኖሬ አፍንጫዬ ከቁጥር አላስገባውም። ዶክተሩ አሸተተና ፊቱ ተለወጠ።

«ውስጧ ምንድን ነው ያለው?»

ከጎን ያለው ካኪ ቀና አለ። እኔ ትራሷን ከእጁ ነጥቄ ደረቴ ላይ አቀፍኳት።

«የክር ቅንጥብጣቢ ነው።»

«ናፍታሊን አድርገውበታል?»

«የለም።»

«እናት፣ ይህን የምጠይቅዎ ለክስ አይደለም። አድርገውበታል ወይ?»

«አላደረግኩም አልኩ እኮ» አልኩት።

ይህን እስክሞት አልረሳውም። ልጄ ዓይኔ ሥር እየቀዘቀዘ፣ እኔ ትራስ አቅፌ እዋሻለሁ። ዶክተሩ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ።

«እሺ» አለ። «ያችን አንዲት ጠርሙስ ልሰጠው ነው። ምን እንደሚያፈርሰው ሳላውቅ። ነገ እንዲሁ ከቀጠለ ግን ሌላ ጠርሙስ የለኝም።»

ዞሮ ሄደ። ቀን ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ። በመስኮቱ ፀሐይ ገብታ አልጋው ላይ ተዘርግታለች። ምትኩ ዓይኑን ገለጠ።

«እማ» አለ፣ «መብራቱን ለምን አጠፋሽው?»

ትራሷን በጥርሴ ነው የቀደድኳት። ስፌቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ በአንድ ጊዜ ተተረተረ። አረንጓዴው ክር ወለሉ ላይ ወረደ፤ ነጩ ፍርፋሪ አብሮት ተንጠባጠበ። ዶክተሩ ከበሩ ተመለሰ።

«የወታደር ሹራብ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። «አሥራ ስምንት ናቸው። ሁለቱን ፈትቻለሁ፣ አሥራ ስድስቱ ልጁ ከሚተኛበት ፍራሽ ሥር ናቸው። አራት ፓኮ ናፍታሊን ደቁሼ አፍስሼባቸዋለሁ። ስድስት ቀን ተኝቶበታል። ወንድምም ነበረኝ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ እሸት ባቄላ በልቶ ቢጫ ሆኖ ሞተብን። ወፍ ነው ተብሎ ተቀበረ። እናታችን ከመተማ ቆላ ናት። በቃ፣ ሌላ የደበቅኩት የለም።»

ጓድ የሚሉት ሰው ከወንበሩ ተነሳ። ቀስ ብሎ መጣና ጎንበስ ብሎ አንድ አረንጓዴ ክር ከወለሉ አነሳ፤ በጣቶቹ መካከል አሸው። እኔ ልጄን አቅፌ ጠበቅኩት። ከዚያ ለነርሷ፣

«ሲስተር፣ ይህን ቆሻሻ ከዚህ አውጪው። የእኔም ልጅ እዚህ ተኝታለች» አላት።

ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ልጄን ላስታምም ነው የመጣሁት፣ እናት። ጆሮዬን ቢሮ ትቼው ነው የመጣሁት። ግን ፍራሹ ሥር ያለው ነገር ለልጅ ጤና አይሆንም። እስከ ነገ ጠዋት ከዚያ ቤት ይውጣ።»

ይምከረኝ ያስፈራራኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ተመልሶ የሴት ልጁን እጅ ያዘ፤ ሁለተኛ አላየኝም።

ሲስተር አልማዝ የምትኩን ልብስ ሁሉ አውልቃ ገላውን በለብታ ውሃ አጠበችው፣ በሆስፒታሉ አንሶላም ጠቀለለችው። የእኔንም ነጠላ አስወለቁኝ፤ እሱም ያንኑ ይሸታል። ከዚያ የጋሽ በላቸው ደም በቀጭኗ ቱቦ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እኔ ጠብታውን ስቆጥር፣ ስስት፣ እንደገና ስጀምር ዋልኩ። ማታ ሊሆን ሲል ከንፈሩ ላይ ትንሽ ቀይ መጣ፤ እኔ ግን አላመንኩትም።

ጋሽ በላቸውን ወደ ቤት ልኬው ነበር። ሐሙስ ጠዋት መጣ።

«ጆንያውስ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«በላሁት» አለኝ። «ጨው ያንሰዋል።»

የት እንዳደረሰው እኔም አልጠየቅኩ፣ እሱም አልነገረኝ። ፍራሹን አውጥቶ ግቢ ውስጥ አስጥቶታል፣ ወለሉን በበረኪና አጥቦታል፤ ይህን ብቻ አወቅኩ።

ሐሙስ ምትኩ ሲሸና ሲስተር አልማዝ ፖፖውን አነሳችና ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ልክ እኔ ያን ጠዋት እንዳደረግኩት። አብሬያት ሄድኩ። አሁንም ጠቆር ያለ ነው፤ ግን ታቹ ይታያል። ዓርብ ዕለት ቀጭን ሻይ መሰለ። ቅዳሜ ውሃ ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ ምትኩ ለዶክተሩ፣ «እንቁላል የለህም?» አለው። ዶክተሩ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ያን ቀን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

አሁን የምደብቀው የለኝም። አሮጌ ሹራብ እንዴት እንደምፈታ፣ የነተበውን እንዴት እንደምለይ፣ ደህናውን እንዴት አጥቤ አዲስ እንደምሠራበት ነገርኩት። ወረቀቱን አስቀምጦ አዳመጠኝ።

«እንግዲያው ልነግርዎ ያሰብኩትን ከእኔ በፊት ያውቁታል» አለ። «የሰው ገላ የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ትናንሽ ሴሎች ነው።»

ሴል ሲል ካኪው ሰውዬ ቀና አለ። በዚያ ዘመን ሴል ማለት የድብቅ ድርጅት ቡድንም ስለነበረ ነው። ዶክተሩም ገብቶት፣ «የሥጋ ነው ጓድ፣ የሥጋ» አለና ቀጠለ።

«እያንዳንዷ ሴል እንደ እርስዎ ቤት ናት። ውስጧ ያለው ዕቃ ያረጃል፣ ይሰበራል። ስለዚህ አሮጌውን የምትፈታበት ጓዳ አላት። የተሰበረውን እዚያ ታስገባና ትበትነዋለች፤ ከውስጡ ደህናውን መልሳ አዲስ ትሠራበታለች። በጉበትዎም፣ በጡንቻዎም፣ በአንጎልዎም አሁን እያወራን እንዲህ እየተፈታ፣ እንዲህ እየተሠራ ነው። ይህ ሥራ ቢቆም ቤቱ በስብርባሪ ይሞላና ሰው ይታመማል።»

«ደሙስ?» አልኩት።

«ቀይዋ የደም ሴል ብቻዋን ናት። ሸክሟ ብዙ ስለሆነ ጓዳዋን ሁሉ ጥላ ነው የምትወጣው። ራሷን መጠገን አትችልም። አራት ወር ገደማ ትሠራና ታረጃለች። ያኔ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ያሉ ሌሎች ሴሎች ይይዟትና ይፈቷታል። ብረቷን ያወጣሉ፤ ብረቱ ወደ መቅኔ ተመልሶ አዲስ ደም ይሠራበታል። የማይፈለገው ቢጫ ቀለም ነው፤ እሱ በጉበት በኩል ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በየቀኑ እንዲህ ነው፤ በእርስዎም በእኔም።»

«ታዲያ የእኔ ልጅ ለምን ቢጫ ሆነ?»

«የእሱ ደም ከመርዝ የሚጠብቀውን ነገር በበቂ ይዞ አልተወለደም። ከእናት የሚወረስ ነው፤ በቆላ ሰዎች ዘንድ ይበዛል፣ በወንዶች ላይ ይበረታል። መመርመሪያው እዚህ የለንም፤ ግን ባቄላውና ወንድምዎ፣ ናፍታሊኑም ይነግሩኛል። ሌላ ቀን ምንም አይታወቀውም። ናፍታሊኑ ሲገባ ግን ያላረጀችውም ደም አብራ ተሰበረች። አሁን ያስቡት፤ በቀን አንድ ሹራብ የሚፈቱ ሴትዮ፣ በአንድ ቀን ሺህ ሹራብ ቢከመርብዎ?»

«ደጅ ድረስ ይፈሳል።»

«ፈሰሰ። ሽንቱ ላይ ያዩት እሱን ነው። ዓይኑ ላይ ያዩትም ያን ቢጫ ነው፤ ጉበቱ አውጥቶ አልጨርስ አለው። ሌላ አንድ ቀን ቢቆዩ ኖሮ አዲስ የሚሠራው መቅኔ አይደርስለትም ነበር።»

ከዚያ ቀስ ብዬ፣ «ማክሰኞ ብነግርዎትስ ኖሮ?» አልኩት።

«ማክሰኞ ትራሷን እናወጣ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ሊያጽናናኝም አልሞከረ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናቶች፣ ከእኔ አንድ ነገር ውሰዱ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አሮጌ ስፈታ፣ ያ ሥራ ከገዛ ልጄ ገላ ውስጥም እንዳለ አላውቅም ነበር። አውቃለሁ ብዬም አይደለም፤ ዶክተሩ የነገረኝን ነው የያዝኩት። ገላችን በየቀኑ ያረጀውን እየፈታ፣ ደህናውን እየለየ ያኖረናል፤ እኛ ሳናዝዘው፣ ሳናመሰግነው። ልኩን ያውቃል። ልኩን የምናፈርሰው እኛ ነን። ስለዚህ ልጆቻችሁ ከሚተኙበት አካባቢ ናፍታሊን አታኑሩ፤ ናፍታሊን የነካውን ልብስ ካስቀመጣችሁበት አውጥታችሁ ሳታጥቡና ፀሐይ ሳታሳዩ ለሕፃን አታልብሱ። ከወገናችሁ ባቄላ በልቶ፣ ኪኒን ውጦ ቢጫ የሆነ ሰው ካለ ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ደግሞ «ምንም» አትበሉ። እኔ ከእስር ራሴን ላድን ስል ልጄን አንድ ቀን ሙሉ ለሞት አሳልፌ ሰጥቼው ነበር። እስከ ዛሬ ሌሊት የሚያስነሳኝ ፍተሻው አይደለም፤ «አላደረግኩም አልኩ እኮ» ያልኩበት የገዛ ድምፄ ነው።

ሐሳቤም ሥራዬም ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። የማላውቀውን ሹራብ አልቀበልም። ልዋጩ እንደገና በጆንያ ሲመጣ ጋሽ በላቸው ከግድግዳው ማዶ «ጠግቧል በይው» ይለኛል። ብልን የማባርረው በፀሐይና በማራገፍ ነው። ምትኩ ካደገ በኋላም ክሊኒክ በገባ ቁጥር እኔ ቀድሜ ስለ ደሙ እናገራለሁ፤ «እማ፣ ገና ስሜን እንኳ አልጠየቁም» እያለ ይስቅብኛል።

ከሆስፒታሉ የወጣነው በሳምንቱ ማክሰኞ ነው። ካኪው ሰውዬና ልጁ ከእኛ በፊት ወጥተው ነበር፤ ለፍተሻም ማንም ሰው ቤቴ አልመጣም። ምትኩ አልታዘልም አለ። ምኒልክ አደባባይን በእግሩ ተሻገረ። በየአሥር እርምጃው «ምትኩ» ስለው፣ በመጨረሻ ሰለቸውና፣ «እማ፣ አለሁ እኮ» አለኝ።

እሪ በከንቱ ስንደርስ ፍራሹ ገና ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ነው። ቤቱን ከፈትኩ። ጎንበስ ብዬ አልጋው ሥር አየሁ፤ ባዶ ነው። አሸተትኩ፤ ከበረኪና በቀር ምንም የለም። ልጁን መስኮቱ አጠገብ አቁሜ አገጩን ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። የዓይኑ ነጭ ነጭ ነው። ከንፈሩ ቀይ ነው።

በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ በላቸው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ «እህ፣ ዘኑ?» አለኝ።

«ደርሰናል» አልኩት። «ልጄ ድኗል። ደህና ነን።»